ስለ ውድ ገመድና ስለ ጥሩ ድምፅ
(ለሕዝብ ከቀረበ ትምህርታዊ ንግግር ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)

የዛሬው ርእሴ ከኤሌክትሪክ ምሕንድስና ስፋት አንጻር እጅግ ጠባብ ነው፤ ከማጫወቻው እስከ አምፕሊፋየሩ የምትዘረጋ አንዲት ሜትር ገመድ። ይሁን እንጂ በአምቦ፣ በጉደርና በጊንጪ ከሚኖሩ የሙዚቃ ወዳጆች ደጋግሞ የሚቀርብልኝ ጥያቄ ይኸው ነው፦ «ውጭ አገር ያለች እኅቴ ልትልክልኝ ነው፤ የትኛውን ገመድ ልበላት?» ከጥያቄው በስተጀርባ የወራት ደመወዝ አለ፤ ቆይቼ እንደምገልጸው ደግሞ የሰው ሕይወትም አለ።

የውድ ገመድ ታሪክ ረጅም አይደለም። የአምሃ እሸቴ «አምሃ ሪከርድስ» እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ያሳተማቸውን ሸክላዎች ሰው ያደመጠው ከመሣሪያው ጋር በመጣው ተራ ገመድ ነበር። ኖኤል ሊ እ.ኤ.አ. በ1979 «ሞንስተር ኬብል»ን ካቋቋመ በኋላ ገመድ ራሱን የቻለ ሸቀጥ ሆነ፤ ዋጋውም ወደ ሺህ ዶላሮች ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካዊው ጄምስ ራንዲ 7,250 ዶላር የሚሸጥን የስፒከር ገመድ ከሌላ ርካሽ ገመድ በጆሮው ብቻ ለሚለይ ሰው 1 ሚሊዮን ዶላር እሰጣለሁ ብሎ ነበር። ፈተናው ሳይካሄድ ቀረ። ያልተካሄደ ፈተና ለማንም ወገን ማስረጃ አይሆንምና ወደ ስሌቱ እንለፍ።

በቀይና ነጭ ጫፎቿ የምናውቃት ገመድ በመካከሏ አንድ ሽቦ፣ በዙሪያዋ ደግሞ የተጠለፈ የብረት ሽፋን አላት። ሁለቱ ተጎራብተው ስለሚሄዱ ጥቂት የኤሌክትሪክ ሙል ያጠራቅማሉ፤ ይህም ካፓሲታንስ ይባላል፤ በሜትር 100 ፒኮፋራድ ያህል እንበል። የማጫወቻው የውጤት ሬዚስታንስ 1,000 ኦም ቢሆን፣ የ2 ሜትር ገመድ ድምፅን መቀነስ የሚጀምረው 800 ሺህ ኸርዝ ገደማ ላይ ነው። የሰው ጆሮ ግን ከ20 ሺህ ኸርዝ በላይ አይሰማም። ገመዱን ወደ 20 ሜትር ብናስረዝመው እንኳ ገደቡ 80 ሺህ ኸርዝ ላይ ይቆማል። ስለዚህ «ቀጭኑን ድምፅ ይከፍታል» ለሚባል ገመድ ብዙ ገንዘብ መክፈል ያልተዘጋን በር ለማስከፈት እንደ መክፈል ነው። የሸክላ ማጫወቻ ብቻ ከዚህ ይለያል፤ የመርፌው መግነጢሳዊ ጥቅል ከገመዱ ካፓሲታንስ ጋር ስለሚተሳሰር፣ በዚያ ላይ የሚያመነጨው ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ስለሆነ፣ ገመዱ አጭር መሆን አለበት።

ታዲያ ገመድ ሁሉ አንድ ነው ማለቴ ነውን? አይደለም። በአካባቢያችን ቤቶች ድምፅን የሚያበላሸው ሌላ ነገር ነው፤ እርሱም «እምም…» የሚለው እርግርግታ ነው። የዲሽ ሪሲቨር ወይም የዲቪዲ ማጫወቻ ብረቱን ስንነካ በቀስታ የሚነዝረን ጊዜ አለ። በመሣሪያው ውስጥ ረብሻን ለማጣራት የተቀመጡ ትናንሽ ካፓሲተሮች ከ220 ቮልቱ መስመር ጥቂት ኤሌክትሪክ ወደ ብረቱ ያሳልፋሉና ነው። የቤቱ ሶኬት የመሬት ሽቦ ከሌለው፣ ያ ኤሌክትሪክ መውጫ ፍለጋ በድምፅ ገመዱ የብረት ሽፋን በኩል ወደ አምፕሊፋየሩ ይጓዛል።

እዚህ ላይ ነው የገመድ ጥራት ዋጋ የሚኖረው። የሚያልፈው ግማሽ ሚሊአምፔር፣ የሽፋኑ ሬዚስታንስም 0.1 ኦም ቢሆን፣ የሚፈጠረው ረብሻ 0.05 ሚሊቮልት ነው፤ 316 ሚሊቮልት ከሚሆነው የተለመደ የሙዚቃ ምልክት አጠገብ ከቁጥር የማይገባ ነው። ሽፋኑ የሳሳ፣ ጫፉም የዛገ ገመድ ግን በቀላሉ 1 ኦም ሊደርስ ይችላል፤ ረብሻውም ዐሥር እጥፍ ያድጋል። ማሲንቆ ብቻውን በሚቀርበት ጸጥ ያለ ቦታ ላይ ይህ ይሰማል። እንግዲህ የሚፈለገው ጥቅጥቅ ብሎ የተጠለፈ የመዳብ ሽፋንና አጥብቆ የሚይዝ ጫፍ ነው። ብርና ወርቅ የተጻፈበት ካርቶን ይህን አያረጋግጥም።

ሌላው ምክንያት የዲሹ ገመድ ነው። የዲሹ ምሰሶ መሬት ውስጥ ተተክሎ፣ አምፕሊፋየሩ ደግሞ በሶኬቱ በኩል ከመሬት ተያይዞ ከሆነ፣ ሁለቱ መሬቶች በድምፅ ገመዱ በኩል ቀለበት ይሠራሉ። የዲሹን ገመድ ከሪሲቨሩ ንቀሉት፤ እርግርግታው ወዲያው ከጠፋ መነሻው ተገኘ። መፍትሔው ሁሉንም መሣሪያ የመሬት ሽቦ ባለው አንድ ዲቫይደር ላይ መሰካት፣ ካልበቃም በድምፁ መስመር ላይ ማግለያ ትራንስፎርመር ማስገባት ነው። መሣሪያዎቹ የሚቀበሉት ከሆነ ደግሞ፣ ቶሺባ እ.ኤ.አ. በ1983 ያስተዋወቀው የብርሃን ገመድ ይሻላል፤ በብርሃን እንጂ በኤሌክትሪክ አያገናኝምና ቀለበቱን ፈጽሞ ይቆርጠዋል።

ከሁሉም የከፋው «መፍትሔ» ግን የአምፕሊፋየሩን የመሬት ሽቦ ከመሰኪያው ውስጥ መቁረጥ ነው። እርግርግታው በእርግጥ ይጠፋል። አንድ ቀን በአምፕሊፋየሩ ውስጥ ያለው መከላከያ ቢላጥ ግን 220 ቮልቱ ወደ ብረቱ ይወጣል፤ በዚያው የድምፅ ገመድ ሽፋን በኩልም ከእርሱ ጋር ወደ ተያያዙት ሁሉ ይደርሳል፤ ማይክሮፎን የጨበጠ ልጅ እጅ ድረስ። ይህን ያደረገ ባለሙያ ቢያጋጥማችሁ መልሶ እንዲያያይዘው አስገድዱት።

ለስፒከር የሚሆን ገመድ ስትገዙ ደግሞ ጫፉን በምላጭ ፋቅ አድርጋችሁ እዩት። ከቀዩ ሥር ነጭ ከወጣ በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነው፤ አሉሚኒየም ከመዳብ ይልቅ 1.6 እጥፍ ያህል ሬዚስታንስ አለው። ንጹሕ መዳብ የሆነ፣ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ገመድ ለ5 ሜትር ርቀት ደርሶ መልስ 0.11 ኦም ገደማ ብቻ ስለሚኖረው ለ8 ኦም ስፒከር በቂ ነው። የድምፅ ገመድ ከመሰካታችሁ ወይም ከመንቀላችሁ በፊት አምፕሊፋየሩን አጥፉ፤ መካከለኛው ጫፍ ከሽፋኑ ቀድሞ ስለሚነካ የሚወጣው ጩኸት ስፒከሩን ሊጎዳ ይችላል። በክረምት ነጎድጓድ ሲጀምር የኤሌክትሪኩንም የዲሹንም ገመድ ንቀሉ። አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።