ያለ ፕሮቲን ዱቄት ጡንቻ መገንባት ይቻላል?

አዎ፣ በደንብ ይቻላል። ጡንቻን የሚያሳድገው ክብደት ማንሳቱ ነው፤ ፕሮቲን ለግንባታው ጡቡን ያቀርባል። ጡቡ ከድስት መጣ ከጣሳ፣ ልዩነቱ ትንሽ ነው።

ስንት ያስፈልጋል? ክብደት ለሚያነሳ ጤነኛ ሰው በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 1.6 ግራም ገደማ ይበቃል። 70 ኪሎ ከሆኑ 112 ግራም ማለት ነው። ከዚያ በላይ ቢጨምሩ ለአብዛኛው ሰው የሚያመጣው ለውጥ እምብዛም ነው።

ከየት ይገኛል?
• አንድ እንቁላል፦ 6 ግራም
• 100 ግራም የበሰለ የዶሮ ደረት፦ 30 ግራም ገደማ
• 100 ግራም ያልተቀቀለ ምስር፦ 24 ግራም ገደማ

የሚከብደው ጾም ሲገባ ነው። ጎመንና ድንች ብቻቸውን አያደርሱም። ሽሮው ወፈር፣ ምስሩ በርከት ይበል፤ አኩሪ አተርም ይጨምሩ። ጥራጥሬ የሚጎድለውን አሚኖ አሲድ እንጀራው ይሞላለታል።

ዱቄቱ የሚጠቅመው ምግቡ ሳይሞላ ሲቀር ወይም ለማብሰል ጊዜ ሲጠፋ ነው። አንድ መስፈሪያ ማንኪያው ከ20 እስከ 25 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል። ግን ልብ ይበሉ፦ ዌይ የተባለው ዱቄት ከወተት ስለሚሠራ የጾም አይደለም፤ የአኩሪ አተሩን ይምረጡ።

የኩላሊት ሕመም ያለብዎ ግን ፕሮቲን ከመጨመርዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ።