የነጋዴው ልብና የሱቁ መደርደሪያ

ሒሳቡን በየጊዜው የማይመረምር ነጋዴ ኪሳራውን የሚያውቀው መጋዘኑ ከተራቆተ በኋላ መሆኑ የታወቀ ነው። የደብረ ታቦር ነጋዴ በዚህ ረገድ የሚታማ አይደለም። ከጉና ተራራ ሥር የሚመጣውን ገብስና ድንች፥ ከፎገራ ሜዳ የሚወጣውን ሩዝ በሚዛን ሳያስቀምጥ አይገዛም፤ በወረታ በኩል የሚገባው የዘይትና የጨው ዋጋ ከፍ ወይም ዝቅ ያለ እንደ ሆነ በዚያው ዕለት ይሰማል። ነገር ግን ይኸው ጠንቃቃ ሰው አምሳ ዓመት እስኪሞላው ድረስ የደም ግፊቱን አንድ ቀን እንኳ ሳያስለካ ሲኖር ይታያል። ሸቀጥ ቢጠፋ ይተካል፤ የሞተ የልብ ጡንቻ ግን አይተካም።

ለምሳሌ ያህል በገበያ ቀን እህል የሚያስጭን አንድ ነጋዴ ይታሰብ። ድንገት በደረቱ መካከል ድንጋይ እንደ ተጫነበት ያለ ሕመም ይሰማዋል። ሕመሙ ወደ ግራ ክንዱ፥ ወደ አንገቱና ወደ መንጋጋው ይሄዳል፤ ቀዝቃዛ ላብ ያጠምቀዋል፤ ትንፋሽም ያጥረዋል። በአጠገቡ ያሉት ሰዎች በቅንነት ምክር ይሰጡታል። አንዱ «ጨጓራ ይሆናል ጋሼ፥ ወተት ይጠጡበት» ይላል፤ ሁለተኛው «ምች መትቶዎት ይሆናል» ይላል፤ ሦስተኛውም «ብርድ ነው፥ ቤት ገብተው ይተኙ» ብሎ ይሸኘዋል። ሰውየውም ገበያው ሳይበተን ሱቁን መዝጋት ስለሚከብደው እስከ ማታ ይታገሣል። ብዙ ሰው የሚጠፋው በሽታው ስለ ከፋ ብቻ ሳይሆን፥ በእንዲህ ያለው መዘግየት ምክንያት ጭምር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልብ ለመላው አካል ደም የሚረጭ ጡንቻ ሲሆን፥ እርሱ ራሱ ምግቡን የሚያገኘው በላዩ ከተዘረጉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ነው። በነዚህ ሥሮች ግድግዳ ላይ በብዙ ዓመታት ውስጥ ስብ ይጋገራል። የተጋገረው ስብ የተሰነጠቀ እንደ ሆነ ደም በላዩ ይረጋና መተላለፊያውን ይዘጋዋል። ከዚያ ወዲያ ደም የተቋረጠበት የልብ ክፍል በግማሽ ሰዓት ገደማ መሞት ይጀምራል፤ ጉዳቱም በየሰዓቱ እየሰፋ ይሄዳል። የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት አለ፤ ነገር ግን የሚሰጠው ሕመሙ ከጀመረ በ12 ሰዓት ውስጥ ሲሆን፥ እጅግ የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሰዓቶች ነው። በሴቶች፥ በሽማግሌዎችና የስኳር በሽታ ባለባቸው ሰዎች ላይ ደግሞ የደረቱ ሕመም ሳይጎላ፥ ትንፋሽ ማጠር፥ ማቅለሽለሽና ድንገተኛ ድካም ብቻ ሊታይ ስለሚችል ይበልጥ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

በደጋው አገር ይህ ሰዓት በመንገድ ላይ የሚያልቅ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ደብረ ታቦር ከባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከላይ ጋይንት ወይም ከስማዳ ለሚነሣ በሽተኛ ደግሞ መንገዱ ከዚህ ይረዝማል። በክረምት ጭቃ ወይም በጸጥታ ምክንያት መኪና የማይገኝበት ቀንም አለ። ስለዚህ በሽተኛው በቀጥታ ወደ ሩቅ ከተማ ይሂድ ከማለት ይልቅ፥ በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ፈጥኖ ደርሶ የልቡ የኤሌክትሪክ ምርመራ እንዲነሣና ወዴት መላክ እንዳለበት ሐኪሙ እንዲወስን ማድረግ ይሻላል።

እስከዚያው ድረስ በሽተኛው ተደግፎ ይቀመጥ እንጂ አይራመድ፤ መኪናም ራሱ አይንዳ። አስፕሪን የማይስማማው ካልሆነ፥ የጨጓራ መድማትም ከሌለበት፥ 300 ሚሊግራም አስፕሪን አኝኮ መዋጡ ይጠቅማል። ነገር ግን ፊቱ ወደ አንድ ወገን የተጣመመ፥ አንደበቱ የተሳሰረ ወይም አንድ ጎኑ የዛለ እንደ ሆነ ነገሩ የአንጎል ሊሆን ስለሚችል አስፕሪን ሳይሰጠው ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። በሽተኛው ወድቆ የማይሰማና የማይተነፍስ ከሆነ፥ በጀርባው አስተኝቶ በደረቱ መካከል በሁለት እጅ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፥ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲሰረጉድ አድርጎ መጫን ይገባል። የሚጫነው ሰው ሲደክመው ሌላው ይተካዋል፤ የሕክምና ሰው እስኪደርስ ድረስም አይቋረጥም።

ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ግን አደጋው ከመድረሱ አስቀድሞ መጠበቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 በልብና በደም ሥር በሽታ የሞተው ሰው 17.9 ሚሊዮን ያህል ሲሆን፥ ከነዚህም ከአራት ሦስቱ እጅ በላይ ገቢያቸው አነስተኛና መካከለኛ በሆኑ አገሮች የሚኖሩ ነበሩ። በሽታው የባለጸጎች አገር በሽታ ነው የሚለው ሐሳብ እንግዲህ አይጸናም። በኢትዮጵያም በ2007 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት፥ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆኑት ሰዎች መካከል ከመቶው 16 ያህሉ ከፍ ያለ የደም ግፊት ተገኝቶባቸዋል።

ብዙ ሰው የደም ግፊት ራስ ምታት ካላመጣ የለብኝም ይላል። ይህ ስሕተት ነው፤ ግፊት ብዙውን ጊዜ አንዳች ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት ሥሩን ይጎዳል። መኖሩ የሚታወቀው በመለካት ብቻ ነው። በተለያየ ቀን ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ሐኪም ዘንድ ሊቀርብ ይገባዋል። ዕድሜው 40 ዓመት የሞላ ሰው በዓመት አንድ ጊዜ ግፊቱንና በደሙ ውስጥ ያለውን ስኳር ቢያስመረምር መልካም ነው። መድኃኒት የታዘዘለትም ሰው «አሁንስ ተሽሎኛል» ብሎ በገዛ ፈቃዱ ማቋረጥ የለበትም፤ የተሻለው በመድኃኒቱ ምክንያት ነውና።

ወደ ምግቡ ነገር ሲመጣ፥ ባለሱቁ ለራሱ ብቻ ሳይሆን ለደንበኞቹም ጭምር የሚያስብበት ጉዳይ አለ። የመጀመሪያው ጨው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም፥ ማለት ከአንድ የሻይ ማንኪያ የማይበልጥ ጨው እንዲበላ ይመክራል፤ ከላይ የተጠቀሰው ጥናት ግን በኢትዮጵያ ከ8 ግራም በላይ እንደሚበላ አሳይቷል። ጨው በበርበሬው ውስጥ ተደልዞ፥ በሽሮው ውስጥ ተፈጭቶ ይገባል፤ ወጡ ሲሠራ ደግሞ እንደገና ይጨመራል። ስለዚህ በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጅ ጨው መቀነስ ቀላሉ መንገድ ነው። ነገር ግን በደጋ አገር የእንቅርት በሽታ ስለሚያሠጋ፥ የሚበላውም የሚሸጠውም ጨው አዮዲን ያለው መሆን አለበት፤ የሚቀነሰው መጠኑ ነው እንጂ አዮዲኑ አይደለም።

ሁለተኛው ዘይት ነው። ከባሕር ማዶ የሚመጣው የፓልም ዘይት በደጋው ብርድ ጧት ጧት በጄሪካኑ ውስጥ ሲረጋ ባለሱቅ ሁሉ ያየዋል። እንዲረጋ የሚያደርገው በውስጡ ያለው ጠጣር ስብ ሲሆን፥ መጠኑም የዘይቱ ግማሽ ያህል ነው። ይኸው ዓይነት ስብ በቅቤም ውስጥ በብዛት ይገኛል፤ በደም ውስጥ ያለውን ኮሌስትሮል ከፍ የሚያደርግም እርሱ ነው። የኑግ ዘይት ግን አብዛኛው ክፍሉ የማይረጋ ስብ ስለሆነ ለልብ ይሻላል። የአገሩ ገብስ፥ ባቄላ፥ ምስርና ተልባም ለልብ የሚስማሙ ምግቦች መሆናቸውን ሐኪሞች ይመሰክራሉ።

ጾም ለሚጾመው ሕዝብ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ቅቤና ሥጋ ሳይቀምስ የሚቆይበት ቀን በዓመት ብዙ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው በፋሲካ ማግስት ሁለት ወር የተቆጠበው ሁሉ በአንድ ሳምንት ሲበላና አረቄው ሲታከልበት ነው። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ክርስቲያን ቢሆን በዐቢይ ጾም፥ እስላምም ቢሆን በረመዳን፥ የሚወስድበትን ሰዓት ከጾሙ አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገርበት።

ነጋዴ በዚህ ረገድ ምን ሊሠራ እንደሚችል የፊንላንድ ታሪክ ያስተምራል። ሰሜን ካሬሊያ የተባለው የዚያ አገር ክፍለ ሀገር ወተትና ቅቤ የሞላበት ሲሆን፥ ጎልማሶች ወንዶች በልብ በሽታ በብዛት ይረግፉበት ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1972 በዶክተር ፔካ ፑስካ መሪነት ሥራ ተጀመረ። ሐኪሞቹ ሕዝቡን ከማስተማር ጋር ከወተት ፋብሪካዎች፥ ከሥጋ አዘጋጆችና ከባለሱቆች ጋር ተስማምተው ጨውና ስቡ የተቀነሰ ምግብ በገበያ ላይ እንዲውል አደረጉ። በ40 ዓመት ገደማ ጊዜ ውስጥ በሥራ ዕድሜ ላይ ካሉት ወንዶች መካከል በልብ በሽታ የሚሞተው ቁጥር ከመቶ ከ80 በላይ ቀነሰ። ባለሱቆቹም በዚህ ምክንያት ሱቃቸውን አልዘጉም፤ የሚሸጡትን ዕቃ ዓይነት ለወጡ እንጂ።

በልጆች ላይ የሚደርሰው የልብ በሽታ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው። በባክቴሪያ የሚመጣ የጉሮሮ ሕመም በጊዜው ካልታከመ፥ ውሎ አድሮ የልብን በሮች ሊያበላሽ ይችላል። እንጥል ማስቆረጥ ይህን አይከላከልም፤ የሚከላከለው በሐኪም የሚታዘዝ ፔኒሲሊን ነው። ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1989 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የኢትዮጵያ ሕፃናት የልብ መርጃ ድርጅትን የመሠረቱት፥ እንዲህ ያሉ ልጆች በአገራቸው እንዲታከሙ በማሰብ ነበር፤ በ2009ም በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከል ተከፈተ። ሆኖም ብዙ ወጪና ወረፋ ከሚጠይቅ ቀዶ ጥገና ይልቅ የልጁን ጉሮሮ በጊዜው ማሳከም ይቀላል።

እንግዲህ ከነጋዴው የሚጠበቀው ከዐቅም በላይ አይደለም። አስመጪው በክንድ ላይ የሚታሰር ትክክለኛነቱ የተረጋገጠ የግፊት መለኪያ ቢያስመጣ ገበያም ያገኛል፥ ሰውም ይጠቅማል። ኑግ ወደ ውጭ የሚልከው ነጋዴ ለአገሩ ዘይት መጭመቂያ ቤቶችም ድርሻቸውን ቢያስብ መልካም ነው። ባለሱቁም በገንዘብ መሳቢያው አጠገብ የወረዳውን አምቡላንስ ስልክ ጽፎ ይለጥፍ፤ የማይረጋውን ዘይትና አዮዲን ያለውን ጨው በግንባር ይደርድር። ደረቱን የያዘ ደንበኛ ወይም ጎረቤት ያየ እንደ ሆነም «ቤት ገብተው ይተኙ» ከማለት ይልቅ መኪና ይፈልግለት። ለራሱም በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሱቁን ከመክፈቱ አስቀድሞ ወደ ጤና ጣቢያ ጎራ ብሎ ክንዱን ለመለኪያው ይስጥ። የሚፈጅበት ጊዜ አንድ ኩንታል ከሚመዘንበት ብዙም አይበልጥም።