የከብት ነቀርሳ ባክቴሪያ ዓይነቶችና መልሶ የማቋቋም ሥራ

ድርቅ ከብቱን የጨረሰበት ገበሬ መልሶ እንዲቋቋም የእርሻ በሬና የምትታለብ ላም ማከፋፈል የተለመደ የእርዳታ ዘዴ ነው። ይሁን እንጂ ከአንድ አውራጃ ተገዝቶ ወደ ሌላ የሚነዳ ከብት በሽታ ይዞ ሊሄድ ስለሚችል፥ ጤንነቱና የመጣበት ስፍራ አስቀድሞ መታወቅ ይኖርበታል። ልዩ ጥንቃቄ ከሚጠይቁት በሽታዎች አንዱ የከብት ሳንባ ነቀርሳ ነው።

በሽታውን የሚያመጣው ማይኮባክቴሪየም ቦቪስ የተባለው ባክቴሪያ ሲሆን፥ ባልተፈላ ወተት አማካይነት ወደ ሰውም ይተላለፋል። ባክቴሪያው በስም አንድ ቢሆንም በዘረ መሉ ልዩ ልዩ ነው። ይኸውም በሚራባበት ጊዜ ከዘረ መሉ ቁራጭ ሊጎድል ይችላል፤ የጎደለውም ስለማይተካ ጉድለቱ ለተከታዩ ትውልድ ሁሉ ይተላለፋል። ስለዚህ ጉድለቱ በከብት ጆሮ ላይ እንደሚቆረጥ ምልክት የባክቴሪያውን ዘር ያሳውቃል።

በአዲስ አበባ ኮልፌ ቀራንዮ፥ በአለርት ሆስፒታል ግቢ የሚገኘው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። የኢንስቲትዩቱ ባለሙያዎች ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር በየቄራው ከታረዱ ከብቶች ናሙና ወስደው ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ በሆነው ጥናት፥ ኤስ.ቢ. 1176 የተባለው ዓይነት ከሁሉ በዝቶ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ አፍሪካ ሁለት የተሰኘው የዘር ሐረግ በኢትዮጵያ፥ በኡጋንዳ፥ በቡሩንዲና በታንዛኒያ መኖሩ ተገልጿል። በማሊ፥ በናይጄሪያ፥ በካሜሩንና በቻድ የሚታወቀው ሐረግ ግን ሌላ ነው። ከዚህም የተነሣ ባዕድ ዓይነት ባልነበረበት ስፍራ ቢገኝ ከውጭ በገባ ከብት መምጣቱን ያመለክታል። የተለመደው ዓይነት ሲገኝ ግን ምንጩን ለመለየት የዘረ መሉን ሙሉ ንባብ ማነጻጸር ያስፈልጋል።

የከብቱም ዘር ልዩነት ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2007 በማዕከላዊ ኢትዮጵያ በቀረበ የቆዳ ምርመራ ጥናት፥ ከሆልስታይን ከብቶች 22.2 በመቶ፥ ከዘቡ ከብቶች 11.6 በመቶ በሽታው እንዳለባቸው ታይቷል። በመሆኑም ለተቋቋሚዎች የተሻሻሉ የወተት ላሞችን ሲሰጡ ምርመራው ሊታለፍ አይገባም።

የቆዳው ምርመራ ውጤት የሚነበበው መርፌው ከተወጋ ከ72 ሰዓት በኋላ ነው። በረኀብ የመነመነ ከብት ግን በሽታው እያለበት ምልክት ላያሳይ ስለሚችል፥ ካገገመ በኋላ በድጋሚ መመርመር ይኖርበታል። የእያንዳንዱ ከብት መነሻ በመዝገብ ይስፈር፤ በሚታረድበትም ጊዜ ሳንባውና ዕጢው ይታይ። መነሻው ያልተመዘገበ ከብት ታሞ ቢገኝ፥ ላቦራቶሪው የባክቴሪያውን ዘር ቢለይም በሽታው የወጣበትን በረት ለማግኘት ይቸግራል። ወተቱንም አፍልቶ መጠጣት ለተቋቋመው ቤተሰብ በቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባ ምክር ነው።