ሁለት መብራትና አንዲት ትንሽ ሳጥን

የጭነት መኪናው ማዳበሪያ ጭኖ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። ሌሊት ነው። ከፊት የተቀመጥነው ሹፌሩ፣ ረዳቱና እኔ ነን። ሹፌሩ ሩቅ ለማየት ረጅሙን መብራት አበራ። ጥቂት እንደሄድን የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን። ወዲያው መብራቱ ድርግም አለ። ሹፌሩ አጭሩን ሞከረ። እሱም የለም።

በዚያ መንገድ አንዱ ወገን ገደል ነው። ሹፌሩ ፍሬን ይዞ መኪናውን ቀስ አድርጎ አቆመ። ረዳቱ ዘሎ ወረደና ጎማው ሥር ድንጋይ አደረገ። እስኪነጋ እዚያው ተቀመጥን። ማንም አልተጎዳም፤ የተኛም ሰው ግን አልነበረም።

በማግስቱ ደጀን ደረስን። የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛው መሪው ሥር ያለውን ማብሪያ ፈታው። ቀልጧል።

«ጋሼ፣ ይህን ሁሉ መብራት በዚች ማብሪያ ላይ ማን አሰረው?» አለ።

ሹፌሩ ዝም አለ። የመኪናው ባለቤት 2 ተጨማሪ መብራት አስሮ ነበር። ስለዚህ ረጅሙ ሲበራ 4 አምፖል ይበራል። አንዱ አምፖል 70 ዋት ያህል ነው። 4 ጊዜ 70፣ 280 ይሆናል። የትልቅ መኪና ባትሪ 24 ቮልት ነው። 280 ለ24 ሲካፈል 12 ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ይህ አምፔር ይባላል። አምፔር ማለት በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ብዛት ነው። ያ ሁሉ በአንዲት ትንሽ ማብሪያ ያልፍ ነበር። የአጭሩም መብራት በእሷው ነው የሚያልፈው። እሷ ስትቀልጥ ሁለቱም ጠፉ። ፊውዙስ? ፊውዙ ቀድሞ ተቃጥሎ ኖሮ አንድ ሰው በቦታው የተጠማዘዘ ሽቦ ከቶበታል። ይህን የሚያደርግ ሰው መኪናውን ሊያቃጥል ይችላል።

ሠራተኛው አንዲት ትንሽ ሳጥን አወጣ። ሪሌ ትባላለች። በውስጧ በብረት ላይ የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ አለ። ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ብረቱ ማግኔት ይሆናል። አጠገቡ ያለችውን የብረት ምላስ ይስባታል። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ሞላው ምላሷን ወደ ቦታዋ ይመልሳታል። ልክ የመስኖ ውኃ ከአንዱ ቦይ ወደ ሌላው እንደምንቀለብሰው ነው። ማግኔቱን ለመሥራት የሚበቃው ከ1 አምፔር አንድ አሥረኛ ያህል ነው። ትንሽ ልጅ ትልቅ በሬ በገመድ ይመራ የለ? ማብሪያዋም ትመራለች እንጂ ሸክሙን አትሸከምም።

ሪሌዋ 5 እግር አላት። በእያንዳንዱ እግር ሥር ቁጥር ተጽፏል። ረዳቱ ቁጥሩን ያነባል፤ ሠራተኛው ሽቦውን ይሰካል። ሥራው የተጀመረው የባትሪውን ገመድ በመፍታት ነው።

30 ላይ ከባትሪ የሚመጣው ወፍራም ሽቦ ገባ። ባትሪው አጠገብ ባለ 20 አምፔር ፊውዝ ተደረገ። ቀጥሎ መብራት የሚያበራና የሚያጠፋ ሌላ ባለ 4 እግር ሪሌ አለ፤ እሱ ከሌለ መብራቱ ቀን ከሌት ይበራል። 85 ከመኪናው ብረት ጋር ታሰረ። 86 ላይ ከመሪው ሥር ከምትገኘው አዲስ ማብሪያ የሚመጣው ቀጭን ሽቦ ተሰካ። 87 ወደ ረጅሙ መብራት ይሄዳል፤ ፊውዙ 15 ነው። 87ኤ ወደ አጭሩ ይሄዳል፤ ፊውዙ 10 ነው። ፊውዛቸው የተለያየ ስለሆነ አንዱ ሲቃጠል ሌላው አይጠፋም።

እዚህ ላይ ረዳቱ ጠየቀ።

«አጭሩን 87 ላይ፣ ረጅሙን 87ኤ ላይ ብናደርገውስ?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። ምላሷ ባልተሳበች ጊዜ የምታርፈው 87ኤ ላይ ነው። ቀጭኑ ሽቦ ቢበጠስ ወይም ማብሪያዋ ብትበላሽ ሞላው ወደዚያ ይመልሳታል። እዚያ ያለው አጭሩ ከሆነ መንገዱ ይታያል፤ ከፊት የሚመጣውም ሹፌር ዓይኑ አይታወርም። ረጅሙ ከሆነ ግን ማጥፋት አይቻልም፤ ከፊት ለሚመጣው ሁሉ ዕዳ ነው። ደግሞም የ87ኤ ጎን ብዙ አምፔር አይችልም፤ 4 አምፖል ይከብደዋል።

ሲመሽ መብራቱ ተሞከረ። ረጅሙ በራ። ሠራተኛው ኮፈኑን ከፍቶ ቀጭኑን ሽቦ ከ86 ነቀለው። ረጅሙ ጠፋ፤ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማና አጭሩ በራ። ሹፌሩ አላመነም። ራሱ እየነቀለና እየሰካ 3 ጊዜ ሞከረው።