የጉሮሮ ሕመም ልብ ድረስ የሚዘልቀው እንዴት ነው?

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በእግራችሁ ወጥታችሁ ታውቃላችሁ? ዳገቱ ማንንም ያስለከልካል። ትንሽ ቆም ስትሉ ግን ትንፋሻችሁ ይመለሳል።

አሁን አንዲት የ12 ዓመት ልጅ አስቡ። አምና ያንን ዳገት ከጓደኞቿ እኩል ትወጣ ነበር። ዘንድሮ ግማሽ መንገድ ላይ ትቀመጣለች። ማታም ትራስ ካልደረበች ትንፋሽ ያጥራታል። ጎረቤቱ «ደም ማነስ ነው»፣ «ብርድ መቷት ነው» ይላል። የችግሩ መነሻ ግን ከዓመታት በፊት ታሞ የዳነ፣ ሁሉም የረሳው የጉሮሮ ሕመም ሊሆን ይችላል።

በሽታው የሩማቲክ የልብ ሕመም ይባላል። በዓለም ላይ ከ40 ሚሊዮን በላይ ሰዎች አለባቸው። የሚጀምረው በልጅነት ነው። የሚያናድደው ደግሞ መከላከል የሚቻል መሆኑ ነው።

በሩ ሲጠብ

እኔ የተማርኩት ምህንድስና ስለሆነ ልብን መጀመሪያ የማየው እንደ ፓምፕ ነው። በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ይመታል፤ አዋቂ ሰው እረፍት ላይ ሲሆን በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም ይገፋል። ደሙ ወደ ኋላ እንዳይመለስ አራት ቫልቮች አሉት። ቫልቭ ማለት በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚከፈት በር ነው በሉት። ከሳምባ የመጣው ደም ከልብ የግራ ላይኛው ክፍል ወደ ታችኛው የሚያልፍበት በር ሚትራል ይባላል። ይህ በሽታ አብዝቶ የሚያጠቃው እሱን ነው።

ጤነኛ ሚትራል ሲከፈት ከ4 እስከ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። በሽታው የበሩን ክንፎች ያወፍራል፣ ያኮማትራል፣ ጠርዛቸውንም ያጣብቃል። ክንፎቹ መግጠም ሲያቅታቸው ደም ወደ ኋላ ይመለሳል፤ በልጆች ላይ ይበልጥ የሚታየው ይኼ ነው። ጠርዞቹ ሲጣበቁ ደግሞ በሩ ይጠብባል። ስፋቱ 1.5 ካሬ ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በታች ከሆነ ሐኪሞች «ከባድ» ይሉታል።

ታዲያ ዳገቱ ላይ ምን ይፈጠራል? የውሃ ጎማን ጫፍ በአውራ ጣታችሁ ስትይዙት ውሃው ይፈጥናል አይደል? ደምም በጠባብ በር ሲያልፍ ይፈጥናል፤ ለመፍጠን ግን የሚገፋው ኃይል ያስፈልገዋል። የልብ ሐኪሞች የሚጠቀሙባት ቀላል ስሌት አለች። የደሙን ፍጥነት በሜትር በሰከንድ ውሰዱ፤ በራሱ አባዙት፤ ውጤቱን በ4 አባዙ። በበሩ ፊትና ኋላ ያለውን የግፊት ልዩነት በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ታገኛላችሁ።

ፍጥነቱ 1 ከሆነ ልዩነቱ 4 ነው። ዳገት ስትወጡ ሰውነት ብዙ ደም ይጠይቃል፤ ልብም ስለሚፈጥን በሩ ክፍት የሚቆይበት ጊዜ ያጥራል። በዚያው ጠባብ በር ፍጥነቱ ወደ 2 ሲያድግ ልዩነቱ 8 አይሆንም፤ 16 ይሆናል። ፍጥነቱ እጥፍ፣ ግፊቱ አራት እጥፍ! ያ ግፊት የሚጠራቀመው ከበሩ ጀርባ ነው፤ ከጀርባው ያለው ደግሞ ሳምባ ነው። ልጅቷ ሜዳ ላይ ደህና ሆና ዳገት ላይ የምትቀመጠው ለዚህ ነው።

መልክ ያሳሳተው ጦርነት

አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም የቫይረስ ነው፤ በራሱ ይለቃል። አንዳንዱ ግን ግሩፕ ኤ ስትሬፕቶኮከስ ከሚባል ባክቴሪያ ይመጣል። ሰውነት ባክቴሪያውን የሚወጋ መከላከያ ያዘጋጃል። ችግሩ የባክቴሪያው አንዳንድ ፕሮቲኖች የልብን ፕሮቲኖች ይመስላሉ። ጥቂት ልጆች ላይ መከላከያው በመልክ ተሳስቶ የገዛ ልባቸውን ይመታል።

ጉሮሮው ከዳነ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ትኩሳት ይነሳል፤ ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያ ወደ ክርን የሚዞር የመገጣጠሚያ ሕመምም ይመጣል። ይህ የሩማቲክ ትኩሳት ነው። መገጣጠሚያው ይድናል። ቫልቩ ላይ ግን ጠባሳ ይቀራል፤ ባክቴሪያው በተመለሰ ቁጥርም በጠባሳ ላይ ጠባሳ ይጨመራል።

እኛ ጋ ይህ ሕመም ለመደበቅ ይመቸዋል። ጉሮሮው ያመመው ልጅ እንጥሉ ይቆረጣል፤ ጉልበቱ ያበጠው ወጌሻ ጋ ይሄዳል። እንጥል ማስቆረጥ ግን ባክቴሪያውን አይገድለውም፤ ይልቁንም ለደም መፍሰስና ለሌላ ኢንፌክሽን ያጋልጣል። ወላጆችን መውቀስም አይገባም። ዛሬ ያበጠን ጉልበት ከሦስት ሳምንት በፊት ከነበረ የጉሮሮ ሕመም ጋር ማን ያያይዘዋል?

ልጁ ሳይታመም ማየት

እዚህ ላይ የልብ አልትራሳውንድ ወይም «ኢኮ» ይመጣል። አምቡላንስ ወደ እናንተ ሲቀርብ ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲርቅ ይወፍራል። ኢኮም ከሚንቀሳቀሰው ደም የሚመለሰውን ድምፅ በዚሁ መንገድ አዳምጦ ፍጥነቱን ይለካል። ለዚያች ስሌት የሚያስፈልገው ቁጥር የሚገኘው ከዚህ ነው። በጆሮ ማዳመጫ የማይሰማን ትንሽ የቫልቭ ጉዳትም ያሳያል።

እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት በጅማና በደቡብ አፍሪካዋ ኬፕ ታውን ምንም ሕመም የማይሰማቸውን 4,720 ተማሪዎች በኢኮ መረመረ። በኬፕ ታውን ከ1,000 ተማሪዎች 20 ያህሉ፣ በጅማ ደግሞ 30 ያህሉ ላይ የበሽታው ምልክት ተገኘ። ኳስ ሲጫወቱ የሚውሉ ልጆች እኮ ናቸው!

እሺ፣ ተገኘ። ከዚያስ? ለረጅም ጊዜ መልስ ያጣው ጥያቄ ይህ ነበር። መልሱ የመጣው ከሰሜን ኡጋንዳ ነው። የጥናቱ ስም በአቾሊ ቋንቋ «የልጆችን ልብ መጠበቅ» እንደማለት ነው። ተመራማሪዎቹ ከ102,000 በላይ ልጆችን መረመሩ፤ የተደበቀ የቫልቭ ጉዳት ያለባቸውንም በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። አንዱ ቡድን ለሁለት ዓመት በየ4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ወሰደ፤ ሌላው አልወሰደም። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ውጤቱ ይፋ ሆነ፦ መርፌ ከወሰዱት ጉዳቱ የባሰባቸው 3 ልጆች (0.8 በመቶ)፣ ካልወሰዱት 33 (8.2 በመቶ)።

ፔኒሲሊን የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። አዲስ መድኃኒት አልተፈለሰፈም፤ አዲሱ ነገር መርፌውን በጊዜ የሚሰጡበትን ልጅ ማግኘት ነው።

ከቀዶ ጥገናው በፊት

ጊዜው ካለፈ የሚቀረው ቫልቩን መጠገን ወይም መቀየር ነው። ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የኢትዮጵያ ሕፃናት የልብ ሕሙማን መርጃን መሠረቱ፤ በ2009 ደግሞ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከሉ ተከፈተ። ብዙ ልጆች ድነውበታል። ወረፋ የሚጠብቁት ግን በሺዎች ይቆጠራሉ። ወረፋውን ማሳጠር የሚቻለው ልጆቹ እዚያ ከመድረሳቸው በፊት ነው።

ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። የኢኮ መሣሪያና የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል፤ መርፌውም ለዓመታት ሳይቋረጥ መገኘት አለበት። ሕመሙ በጣም ለጠናባቸው ሰዎች ደግሞ መርፌው ራሱ ልብን ሊፈትን ስለሚችል፣ የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ለእነሱ የሚዋጥ መድኃኒት እንዲታሰብ መክሯል። ስለዚህ ውሳኔው የሐኪም ነው። ከፋርማሲ በራስ ፈቃድ ገዝቶ መውሰድ አይሆንም።

ከ5 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ቤት ውስጥ ካለ ግን አንድ ነገር ማድረግ ትችላላችሁ። ጉሮሮው በድንገት ካመመው፣ ትኩሳት ካለው፣ አንገቱ ሥር እጢ ካበጠ፣ ሳልና ንፍጥ ደግሞ ከሌለ፣ ጤና ጣቢያ ይታይ። መገጣጠሚያው እየዞረ የሚያመው ልጅ ካያችሁም ይህን ጠይቁት፦ «ሰሞኑን ጉሮሮህን አሞህ ነበር?» መልሱን ለሐኪሙ ንገሩት።