ገመድ፣ ክር፣ ፋይበር፦ አሮጌ ኮምፒዩተርን ከብርሃን መስመር ጋር ለማገናኘት የሚያገለግሉ ቃላት

አንድ የሙያ ቃል ሲመረጥ ዘወትር የሚጠየቀው «ነገሩን በሚገባ ይገልጻል ወይ?» የሚል ነው። የመሣሪያ መመሪያ ለሚተረጉም ሰው ግን ሌላም ጥያቄ አለበት፤ ይኸውም ቃሉን ያነበበው ሰው እጅ ምን ያደርጋል? የሚለው ነው። በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ፣ በአንድ ትምህርት ቤት የሚገኝ ያረጀ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ከፋይበር መስመር ጋር ይገናኝ ቢባል፣ «ገመዱን ሰካ» የሚለው ትእዛዝ የመብራቱን፣ የስልኩን፣ የኔትወርኩን ወይም የፋይበሩን ገመድ ሊያመለክት ይችላል። ከአራቱ አንዱ ከመስተዋት የተሠራ በመሆኑ ስሕተቱ ዋጋ ያስከፍላል።

መደባለቁ የመጣው ከታሪክ ነው። ኢንተርኔት በአገራችን በ1989 ዓ.ም. ሲጀመር መንገዱ የስልክ መስመር፣ ማለት የመዳብ ሽቦ ነበር። ሽቦ ቢታጠፍ ይቃናል፤ ቢበጠስ ልጦና ጠምዝዞ መቀጠል ይቻላል። «ሽቦ» የሚለው ቃል ይህን የእጅ ልማድ ይዞ ይመጣል። የፋይበር ጠባይ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ለረጅም ርቀት የሚያገለግለው ዓይነት የብርሃን መተላለፊያው 9 ማይክሮሜትር ያህል፣ ከነመስተዋት ልባሱ 125 ማይክሮሜትር ነው። ብርሃኑ በልባሱ ወሰን ላይ እየተንጸባረቀ ይጓዛል፤ ፋይበሩ አለልክ ሲታጠፍ ብርሃኑ ወደ ውጭ ያመልጣል። ሁለት ጫፎች የሚቀጠሉትም በመጠምዘዝ ሳይሆን በኤሌክትሪክ ብልጭታ አቅልጦ በመበየድ ነው። ከዚህም በላይ በተለመደው ሥርዓት ወደ ተጠቃሚው የሚመጣው ብርሃን 1490 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ታሕተ ቀይ ስለሆነ ዓይን አያየውም። «መብራት አለው ወይ?» ብሎ ጫፉን ወደ ዓይን ማስጠጋት ስለዚህ አደገኛ ነው።

ታዲያ ስሙ ምን ይሁን? «ቃጫ» ቀጥተኛ አቻ ይመስላል። ነገር ግን ከሊበን እስከ ቡሬ ባለው ገጠር ቃጫ የሚፋቅ፣ የሚጠመዘዝ፣ ሲገመድም የሚጠነክር ነገር ነው፤ ቃሉ የሚያስተምረው ፋይበሩ የማይችለውን ነው። «የብርሃን ክር» ቅጥነቱን በጥሩ ሁኔታ ይገልጻል፤ ይሁን እንጂ በአምፖል ውስጥ ግሎ የሚያበራውም «ክር» ስለሚባል ብርሃን የሚያመነጨውንና ብርሃን የሚያስተላልፈውን ያምታታል። ተናጋሪው «ፋይበር» ማለትን ስለ ለመደ፣ ቃሉ እንዳለ ቢያዝ ይሻላል፤ የውሰት ቃል መሆኑም ይጠቅማል፤ የቆየ የእጅ ልማድ የለበትምና።

ከዚህ በተቃራኒ «ገመድ» የሚለው የራሳችን ቃል ትክክለኛ ቦታ አለው። ገመድ «ገመደ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። ኮምፒዩተሩን ከግድግዳው ሣጥን ጋር የሚያገናኘው የኔትወርክ ገመድ በውስጡ ስምንት የመዳብ ሽቦዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው በአራት ተገምደዋል፤ መገመዳቸውም ከውጭ የሚመጣውን የኤሌክትሪክ ረብሻ ለመቀነስ ነው። ስለዚህ «የኔትወርክ ገመድ» ስንል ስሙና አሠራሩ ይስማማሉ። «የፋይበር ገመድ» የሚለው ደግሞ ብዙ ፋይበሮች በአንድ ሽፋን ተጠቃለው ለሚቀበሩበት ወይም በምሰሶ ለሚዘረጉበት ብቻ ቢወሰን መልካም ነው።

በሁለቱ መካከል ያለው ሣጥን በተለምዶ «ሞደም» ይባላል። አሮጌው ሞደም የኮምፒዩተሩን ምልክት የስልክ መስመር ወደሚሸከመው ድምፅ ይለውጥ ነበር፤ አዲሱ ሣጥን ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ፣ ኤሌክትሪክንም ወደ ብርሃን ይለውጣል። «ብርሃን ለዋጭ» ብንለው፣ ተጠቃሚው ፋይበሩ ከሣጥኑ አልፎ ወደ ኮምፒዩተሩ እንደማይገባ ከስሙ ይረዳል።

የኮምፒዩተሩ ማርጀት በራሱ እንቅፋት አይሆንም። የቆየ የኔትወርክ ካርድ በሴኮንድ ከ100 ሜጋቢት በላይ ባያሳልፍም፣ ካርዱና ሣጥኑ በዝቅተኛው ፍጥነት ተስማምተው ይሠራሉ፤ ካርድ ከሌለውም በውስጡ ባለ ክፍት ቦታ ይጨመርለታል። ችግሩ በአሮጌ ኮምፒዩተር ጀርባ ሁለት ተመሳሳይ ቀዳዳዎች መኖራቸው ነው፤ ጠባቡ የስልክ፣ ሰፊውና ስምንት ነጥብ ያለው የኔትወርክ ነው። አንዳንድ ትርጉሞች ሁለቱንም «ወደብ» ይሏቸዋል፤ ይህ ቃል መርከብን እንጂ ቀዳዳን አያሳስብም። «መሰኪያ» ብቻ ማለትም አይበቃም፤ የ«መ-ያ» ቅርጽ መሣሪያንም ቦታንም ስለሚያመለክት የሚሰካውና የሚሰካበት አይለዩም። «የገመዱ ራስ» እና «የኔትወርክ ቀዳዳ» ቢባል ግን ይለያሉ።

ለጠቅላላው ሥርዓት «አውታረ መረብ» የተለመደ ስለሆነ መለወጥ አያስፈልገውም። ቅርጹ «ፍኖተ ሰላም» ከሚለው የከተማ ስም ጋር አንድ ነው፤ በግዕዝ ዘርፍ የተያያዘ ስለሆነ ለጆሮ እንግዳ አይደለም። እንግዲህ መመሪያው እንዲህ ሊነበብ ይችላል፦ «ፋይበሩን ሳታጥፍና ጫፉን ሳታይ ለባለሙያው ተው፤ የኔትወርኩን ገመድ አንዱን ራስ በብርሃን ለዋጩ፣ ሌላውን በኮምፒዩተሩ ሰፊ የኔትወርክ ቀዳዳ ሰካ።» እዚህ ላይ ከውጭ የተወሰዱት ቃላት «ፋይበር»፣ «ኔትወርክ» እና «ኮምፒዩተር» ብቻ ናቸው፤ የቀረውን አማርኛ ራሱ ሠርቶታል።