ማን ወደ ማን ይቃኝ?

ዓርብ ከቀትር በፊት የጥገና ሥራ የለም። ጋን ያቭኔ ያለችው የጊታር መጠገኛዬ ለሁለት ሰው እንኳ የምትጠብ ክፍል ናት፤ ሰንበት ሊገባ ሲል ግን አምስት ስድስት ሆነው ይታጨቁባታል። አንዱ ከቂርያት ማላኪ ይመጣል፣ ሁለቱ ከገደራ፣ አንዷ ከያቭኔ። የአውቶቡስ ሾፌር አለ፣ ነርስ አለች፣ ገና ወታደርነቱን ያልጨረሰ ልጅ አለ። ከሙዚቃ እንጀራ የሚበላ አንድም የለም። ሰላምታቸው ሁልጊዜ ያው ነው፦ «ደግሞ አሁን ምን ይዘሃል?» ከዚያ ስልክ ከኪስ ይወጣል፣ በየቤቱ የተቀዳው ይሰማል፣ ትችቱ ይወርዳል፣ ቡናው ይፈላል።

ሾፌሩ በትርፍ ሰዓቱ ጊታር ከእንጨት እየሠራ ነው። ሁለት ዓመት ሆነው፣ አሁን አንገቱ ላይ ደርሷል፤ የፍሬቶቹን ቦታ ስንት ጊዜ እንደለካ እሱና እኔ ብቻ ነን የምናውቀው። ነርሷ የሌሊት ተራዋን ጨርሳ ቤት ስትገባ የራሷን ድምፅ በራሷ ድምፅ ላይ እየደረበች ትቀዳለች፤ ልጆቿ እንዳይነቁ ብርድ ልብስ ተከናንባ ነው የምትዘፍነው። የቀሩትም እንደዚሁ ናቸው። የሚሠሩት ለማንም አይደለም፤ እንደ ሥራ የሚጠነቀቁለት ግን ነው።

በዚህ ሙያ የምሰማው ስሞታ ብዛቱ ነው እንጂ ዓይነቱ ትንሽ ነው። «ማይክሮፎኔ ርካሽ ነው።» «የድምፅ ካርዴ አርጅቷል።» «ጊታሬ አይቃኝም።» አንዳንዱ እውነት ነው። ለባሕሩ ቅርብ ስለሆንን በሐምሌና በነሐሴ እንጨቱ እርጥበት ይጠጣና ያብጣል፤ ሻራቭ የሚባለው ደረቅ ሞቃት ነፋስ የነፈሰ ለት ደግሞ ይደርቅና አንገቱ ይጎብጣል። ስለዚህ መሣሪያውን ሳላይ አልፈርድም። ዛሬ የማወራው ግን መሣሪያው ምንም ሳይሆን ሙዚቃው ስለተጣላበት አንድ ጉዳይ ነው።

ልጁ ወታደር ነው። የአያቱን ክራር በስልኩ ቀድቶ፣ በላዩ ላይ ጊታር ሊደርብበት ሲሞክር ሁለቱ አልገናኝ አሉት። «ጋሼ፣ ጊታሬ አይቃኝም» ብሎ አመጣልኝ። ክሩን ቀየርኩ። 12ኛው ፍሬት ላይ ተጭኖ የሚሰጠውን ድምፅና ሳይጫን በጣት ብቻ ተነክቶ የሚሰጠውን አስተያየሁ፤ ስድስቱም ልክ ናቸው። መቃኛዎቹ ጥብቅ ናቸው፣ አንገቱ ቀጥ ያለ ነው። ጊታሩ ጤነኛ ነው።

«ስልክህን ወዲህ በል» አልኩትና የአያቱን ክራር ከቲዩነሬ ፊት አጫወትኩት። መርፌዋ ከመሃል ወደ ግራ ሄዳ ቆመች። የመጀመሪያው ክር ላይ እንደዚያ፣ የሚቀጥለውም እንደዚያ። ክራሩ ከጊታሩ 35 ሴንት ዝቅ ብሎ ነው የተቃኘው።

ሴንት ለማያውቅ፦ በጊታር ላይ ከአንዱ ፍሬት እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት 100 ሴንት ነው። 35 ማለት ከአንድ ፍሬት ሲሶ ትንሽ ማለፍ ነው። ጊታር ላይ እንዲህ ያለ ቦታ የለም፤ ወይ እዚህ ነህ፣ ወይ እዚያ ነህ። ፍሬቶቹ ብረት ናቸው፣ ተመትተው ገብተዋል። ክራር ግን ፍሬት የለውም፤ ክሩ ከቀምበሩ ላይ ተጠምጥሞ፣ በብርኩማው ላይ አልፎ፣ ጆሮ «በቃ» ባለው ቦታ ይቆማል።

ልጁ ብልህ ነው፣ መፍትሔውን ቀድሞኝ አሰበ። በኮምፒውተር ክራሩን 35 ሴንት ከፍ አደረገው። ዛሬ ይህ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ከጊታሩ ጋር ገጠመለት፣ ደስ አለው፤ ሄዶ ለአያቱ አሰማቸው። አዛውንቱ ጆሯቸውን አዘንብለው ትንሽ አደመጡና «ክሩን ማን አጠበቀው?» ብለው ጠየቁት።

ይህችን ጥያቄ ይዞ ነው በሚቀጥለው ዓርብ የተመለሰው። በክፍሏ ያለው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ሥራ እንዳለብኝ ገባኝ። እሑድ ከሥራ በኋላ አብሬው ወደ ቂርያት ማላኪ ሄድኩ።

አዛውንቱ የመጡት እ.ኤ.አ. በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ነው፤ በ36 ሰዓት ገደማ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በተጫነበት በዚያ ግንቦት። ሰው እንዲበዛ ወንበር በተነቀለበት አውሮፕላን ክራር ይዞ መግባት አይታሰብም። አሁን የያዙት እዚሁ የሠሩት ነው፤ ገበቴው የእናሜል ጎድጓዳ ሳህን፣ ቆዳው ከገበያ የተገዛ፣ ክሮቹ የዓሣ ማጥመጃ ናይሎን። «አባባ፣ እስቲ ቃኝተው ያሳዩኝ» አልኳቸው።

የሆነውን በዝግታ ልንገራችሁ። ክራሩን አልነኩትም። መጀመሪያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ያለ ቃል ዝቅ አድርገው አንጎራጎሩ። ድምፃቸው ሳይጨነቅ የሚያርፍበትን አገኙ። ከዚያ አንዱን ክር ወደዚያ ድምፅ አመጡት፤ ሌሎቹ ተከተሉ። ቅኝቱ ትዝታ ነበር። እንግዲህ ክራሩ የሚቃኘው ለድምፃቸው ነው፤ ቲዩነር የሚነሳበትን 440 የሚባለውን ቁጥር ሰምተውትም አያውቁም። ድምፃቸው ሲወርድ ክራሩም አብሮ ይወርዳል። ያ 35 ሴንት ስህተት አልነበረም፤ የዚያን ቀን ጉሮሯቸው ነበር።

ከዚህ በኋላ ፍርዱ ቀላል ነው። ከሁለቱ የሚንቀሳቀሰው ማነው? ጊታሩ ስድስት መቃኛ አለው፣ ቲዩነሩም ቁልፍ አለው። ላ የምትባለውን ድምፅ 440 ኸርዝ ላይ ይዞ የተወለደው ቲዩነር ወደ 431 ሲወርድ 35 ሴንት ገደማ ዝቅ ይላል። ብዙዎቹ ቲዩነሮች ከ430 እስከ 450 ድረስ ይንቀሳቀሳሉ። ስድስቱን ክር በዚያ ቃኘን። ሁለት ደቂቃም አልፈጀ። ልጁ ሲመታ አያቱ ቀና ብለው አዩት።

ሁሉም ነገር በዚህ አለቀ ማለት ግን አይደለም። መነሻው ከገጠመ በኋላ አንድ ድምፅ ብቻዋን ታቃስት ነበር፦ ከመነሻው ስትቆጠር ሦስተኛዋ። ምክንያቱ የታወቀ ነው። ሁለት ድምፆች ሳይንቀጠቀጡ የሚዋሐዱበት ሦስተኛ 386 ሴንት አካባቢ ነው፤ ጊታር ግን አሥራ ሁለቱን ፍሬት እኩል ስለሚያካፍል 400 ላይ ያስቀምጠዋል። በጆሮ የሚቃኝ ሰው 400 ላይ እንዲቆም የሚያስገድደው ነገር የለም። ትዝታንም ሆነ ባቲን በጊታር የሚሞክር ሁሉ ይህች ቦታ ታውቀዋለች። ልጁ «ፍሬቱን እናንቀሳቅሰው?» አለኝ። አያስፈልግም፤ ያቺን ድምፅ ለክራሩ ተዋት፣ አንተ አትምታት አልኩት። ጊታሩ መነሻውንና አምስተኛውን ይዞ ከሥር ይሂድ። የማትስማሙበትን ድምፅ አንዳችሁ ዝም ስትሉበት ጠቡ ያበቃል።

ቀረጻው የሆነው በማማድ ውስጥ ነው። ከባሕረ ሰላጤው ጦርነት በኋላ በአዳዲስ መኖሪያ ቤቶች እንዲኖር በሕግ የተደነገገው ይህ የተመሸገ ክፍል፣ ለዓርብ ደንበኞቼ ሁሉ ስቱዲዮ ነው። ግድግዳው ኮንክሪት፣ በሩና የመስኮቱ መዝጊያ ብረት ስለሆነ የጎረቤትን ጫጫታ ይከላከላል። ከሐጾር የሚነሱት የአየር ኃይል አውሮፕላኖች ሲያልፉ ግን ማይክሮፎኑን ዘግቶ ቡና መጠጣት ነው።

የማማድ ችግሩ ከውስጥ ነው። ያው ኮንክሪት የራስህን ድምፅ መልሶ ይወረውርብሃል። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ 3 ሜትር ከሆነ ክፍሉ በ57 ኸርዝና በእጥፉ በ114 አካባቢ ራሱን ችሎ ያገሳል። የጊታር አምስተኛ ክር፣ ላ፣ 110 ነው። ለዚህ ነው በማማድ የተቀዳ ጊታር ሁሉ ላ ላይ ሲደርስ በርሜል የሚመታ የሚመስለው። ደግሞ ሁሉም ሰው ወንበሩን የሚያኖረው ከክፍሉ መሃል ነው፤ ያ 114 የሚበረታው ግን ከግድግዳው ሥርና ከመሃል ላይ ነው። ከአንዱ ግድግዳ ሩብ ያህል፣ ማለትም 75 ሳንቲሜትር ግድም ላይ ግን ይደክማል። አዛውንቱን ከዚያ አስቀመጥናቸው። ከጀርባቸው ፍራሽ አቆምን፣ ከፊታቸው ጋቢያቸውን በልብስ ማድረቂያው ላይ ዘረጋን። ያወጣነው ገንዘብ የለም።

ዕቃ አነሰኝ ለሚሉኝ ሁለት ሰዎችን እጠቅስላቸዋለሁ። የመጀመሪያዋ ፒያኖ ተጫዋቿ መነኩሲት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የኖሩት እዚሁ ኢየሩሳሌም በሚገኘው የኢትዮጵያ ገዳም ነው፤ በመጋቢት 2023 በ99 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ። በ2024 የታተመው አልበማቸው በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ቤታቸው ውስጥ በተራ ቴፕ የቀዱት ነው። ፒያኖ እየተጫወቱ በአማርኛ ያዜማሉ፣ ከውጭ የወፎች ድምፅ ይሰማል። ማይክሮፎኑ ምን ነበር ብሎ የሚጠይቅ አድማጭ አላጋጠመኝም። ፒያኖ ዘፋኙ በፈለገ ቁጥር አይቃኝም፤ ስለዚህ ድምፃቸው ወደ ፒያኖው ሄደ፣ ተገናኙ።

ሁለተኛው ኃይሉ መርጊያ ነው። የዋልያስ ባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች አሜሪካ ከቀረ በኋላ በ1985 ያወጣው ካሴት የብቻው ሥራ ነው፤ አኮርዲዮን፣ ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን በአንድ ሰው እጅ። ዓመታት በዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ ቆይቶ በ2013 ካሴቱ እንደገና ሲታተም ዓለም ሰማው። በሙያዬ ዓይን ሳየው እዚህም ያው ሕግ አለ። የአኮርዲዮን ምላስ ከብረት የተቆረጠ ስለሆነ ቁጭ ብሎ የሚቃኝ አይደለም፤ ሲንተሳይዘር ግን በአንድ ቁልፍ ይወጣል፣ ይወርዳል። እንዲህ ባለ ሥራ መንገዱን የሚለቅ ኤሌክትሮኒኩ ነው።

«ቤት ውስጥ የተቀዳ የት ይደርሳል?» ለሚልም መልስ አለ። ኢዳን ራይኸል በ2002 የወጣውን የመጀመሪያ አልበሙን የጀመረው ክፋር ሳባ ካለው የወላጆቹ ቤት ምድር ቤት ነው፤ ከዚያ ምድር ቤት ነው አማርኛ ወደ እስራኤል ሬዲዮ ዋና ሰዓት የገባው። የእኔ የዓርብ ደንበኞች ግን የትም ለመድረስ አይደለም የሚቀዱት። አንድ ነገር በደንብ ለመጨረስ ነው።

ባለፈው ዓርብ ልጁ ያለቀውን አመጣ። አራት ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ። መጨረሻው ላይ አዛውንቱ «በቃ?» ሲሉ ይሰማል፤ ቆርጦ እንዳያወጣው ነግሬዋለሁ። ሾፌሩ ሁለት ጊዜ አስደገመው። ነርሷ ምንም አላለችም፤ ስልኳን አውጥታ እናቷ ጋ ደወለችና ሰኞ ቤት ትኖር እንደሆነ ጠየቀች።

ለሌሎቻችሁም የምለው ይህንኑ ነው። ጊታራችሁን ይዛችሁ ከመምጣታችሁ በፊት፣ አዲስ ማይክሮፎን ከማዘዛችሁም በፊት፣ ከቤታችሁ የሚያዜመውን ሰው አስቀድማችሁ አስዚሙት። የሚያርፍበትን ድምፅ በቲዩነራችሁ ያዙት። ከዚያ እናንተ ውረዱ፣ ወይም ውጡ። መቃኛ ያለው በእናንተ እጅ ነው።